የለውጥ ፕሮጀክት መነሻ ሰነድ፦ ሥራው ሳይጀመር የሚወሰኑ ጉዳዮች ዳሰሳ

የመነሻ ሰነድ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት ወይም ፋብሪካ አሠራሩን ለመለወጥ ሲነሣ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚጻፍ አጭር ስምምነት ነው። ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል መሻሻል እስከ መቼ እንደሚፈለግ፣ መሻሻሉ በምን እንደሚታወቅ፣ ሥራውን ማን እንደሚመራውና ከበላይ ሆኖ ማን እንደሚደግፈው፣ ምን ነገር ደግሞ እንደማይነካ ይወስናል። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ገጽ አይበልጥም።

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የዚህን ሰነድ ሥራ በከፊል የሚሠሩ ሌሎች ጽሑፎች አሉ። ፕሮፖዛል ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቢጋር ለአጥኚ ወይም ለአማካሪ የሚሰጠውን ሥራ ይወስናል፤ የድርጊት መርሐ ግብር ተግባራትን በጊዜ ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ዓመታዊ ዕቅድ የመደበኛ ሥራ መከታተያ ነው። የመነሻ ሰነድ የሚለየው፣ በለውጡ ውስጥ ያሉት ሰዎች «ተሳካ የምንለው ምን ስናይ ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ እስኪሰጡ ድረስ ሥራው እንዳይጀመር በመያዙ ነው። ዳይሬክተሩ ለውጡን ሲደግፍ የሚያስበው ለበላይ አካል የሚቀርበውን ሪፖርት ሊሆን ይችላል፤ ነርሷ የምታስበው የሥራ ጫናዋ እንደሚቀልላት ነው፤ የፋይናንስ ኃላፊው ወጪ እንደሚቀንስ ይጠብቃል። ሦስቱም በስብሰባ ላይ እጃቸውን ለአንድ ሐሳብ ያወጣሉ። ልዩነታቸው በወረቀት ላይ ካልወጣ ገንዘቡ ከወጣ፣ ሰውም ከተመደበ በኋላ መውጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ማስታረቁ ብዙ ዋጋ ያስከፍላል።

የሰነዱ አመጣጥ

ሰነዱን አንድ ሰው አልፈጠረውም፤ በተለያየ ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎች ከተመሳሳይ ችግር ተነሥተው የደረሱበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ የሚደግፋቸው ፕሮጀክቶች ግባቸው የደበዘዘ፣ ውጤታቸውም ለግምገማ የማይመች ሆኖ ስላገኘው፣ ሊዮን ሮዘንበርግ ያሉበት የአማካሪዎች ቡድን ሎጂካል ፍሬምወርክ የተባለውን ሠንጠረዥ አዘጋጀለት። በመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ውስጥ የሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን «ሎግፍሬም» ብለው ያውቁታል። አራት ረድፍና አራት ዐምድ አለው፤ ወደ ታች ግብ፣ ዓላማ፣ ውጤትና ግብዓት፣ ወደ ጎን ደግሞ መግለጫ፣ አመላካች፣ የማረጋገጫ ምንጭና ታሳቢ ሁኔታ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀርመኑ የልማት ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ ባለድርሻዎች አብረው ተቀምጠው ችግሩን የሚተነትኑበትን ሥርዓት ጨመረበት። የሎግፍሬም ትልቁ አስተዋጽኦ አራተኛው ዐምድ ነው፤ ዕቅዱ እንዲሳካ ከፕሮጀክቱ ቁጥጥር ውጭ የሆነ ምን ነገር እውነት መሆን እንዳለበት ያስጽፋል። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ በጥድፊያ፣ «በጀቱ በወቅቱ ይለቀቃል» በሚል ዐረፍተ ነገር የሚሞላው ይኸው ዐምድ ነው።

በጃፓኑ ቶዮታ ደግሞ ልማዱ ከአንድ ወረቀት ጋር የተያያዘ ነው። ችግሩ፣ አሁን ያለው ሁኔታ፣ የሚፈለገው ደረጃ፣ መንስኤው፣ መፍትሔውና የክትትሉ ዕቅድ ሁሉ 29.7 በ42 ሳንቲ ሜትር በሆነ አንድ ኤ3 ወረቀት ላይ እንዲጠቃለል ይደረጋል። የቦታው ጥበት ጸሐፊውን እንዲመርጥ ያስገድደዋል። ከወረቀቱ ይልቅ ግን ከጀርባው ያለው ልማድ ይበልጣል፤ አዘጋጁ ረቂቁን ይዞ ለውጡ ወደሚነካቸው ሰዎች እየሄደ ያስነብባል፣ ይከራከራል፣ ያርማል። ጃፓናውያን ነማዋሺ የሚሉት ይህ ዙር ካለቀ በኋላ የሚደረገው ስብሰባ አጭር ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሞቶሮላ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው ሲክስ ሲግማ የተባለው የጥራት ማሻሻያ ዘዴ በኋላ የዳበረበት አሠራር የፕሮጀክቱን ቻርተር፣ ማለትም የመነሻ ሰነዱን፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ውጤት አደረገው። የፕሮጀክት አስተዳደር ሙያ ደግሞ ሰነዱን በዋናነት የሥልጣን ምንጭ አድርጎ ይመለከተዋል፤ ሥራ አስኪያጁ የድርጅቱን ሰውና ገንዘብ መጠቀም የሚችለው በዚህ ሰነድ ነው። በጤናው ዘርፍ በስፋት የተለመደው ጄራልድ ላንግሌይና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ያቀረቡት አካሄድ ነው። ሦስት ጥያቄዎች አሉት፦ ለማሳካት የተፈለገው ምንድን ነው? ለውጡ መሻሻል መሆኑ በምን ይታወቃል? ወደ መሻሻል የሚያደርሰው የትኛው ለውጥ ነው? መፍትሔው ሦስተኛ ቦታ ላይ መቀመጡ የአካሄዱ ዋና ቁም ነገር ነው። አብዛኞቹ የለውጥ ሥራዎች ከመፍትሔው ጀምረው፣ ሶፍትዌር ከተገዛ ወይም አዲስ መዋቅር ከተሠራ በኋላ ችግር ሲፈልጉለት ይገኛሉ።

ችግሩን መጻፍና መነሻውን መለካት

በመነሻ ሰነድ ውስጥ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው የችግሩ አጻጻፍ ነው፤ ሊወስድም ይገባል። ለማሳያ ያህል የአንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ይታሰብ። «የኮምፒውተር እጥረት አለ» የሚለው ጽሑፍ ችግሩን አይገልጽም፤ መፍትሔን በችግር ስም ያቀርባል። «ታካሚዎች ይጉላላሉ» የሚለው እውነት ነው፤ ግን ምንም አያስጀምርም። «በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ሰኞና ማክሰኞ የሚመጡ ነባር ታካሚዎች ካርዳቸው ወጥቶ ሐኪም ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ግማሾቹ ከሦስት ሰዓት በላይ ይጠብቃሉ» ሲባል ግን የት፣ መቼ፣ በማን ላይ፣ ምን ያህል የሚሉት ሁሉ ይታያሉ። ይህን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ አንድ ሰው ወረፋው አጠገብ ሰዓት ይዞ ሁለት ሳምንት መቆም ነበረበት። የሰነዱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ጽሑፉ ሳይለኩ እንዳይጻፍ ያደርጋል።

የመነሻ መረጃ ሳይሰበሰብ የተጀመረ ለውጥ መጨረሻው ላይ ምን እንዳመጣ ማወቅ አይቻልም። አንድ ቁጥር ብቻውንም አይበቃም፤ ነገሩ ቀድሞ ወደየት እየሄደ እንደነበር መታየት አለበት። ለዚህ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ተሞክሮ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 ከዚህ በታች የሚነገረውን የአሜሪካዋን የሚሺጋን ግዛት ስኬት ለመድገም በተደረገው ዘመቻ፣ በአዋቂዎች የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በትልልቅ የደም ሥሮች ከሚገቡ ቱቦዎች የሚመጣ ኢንፌክሽን በ1,000 የቱቦ ቀን ከ3.7 ወደ 1.48 ወረደ። ነገር ግን ሆስፒታሎቹ በየተራ በቡድን ይገቡ ስለነበር፣ ተራቸው ያልደረሰ ክፍሎችም በተመሳሳይ ፍጥነት ይሻሻሉ እንደነበር መረጃው አሳየ። ከዘመቻው በፊት የተጀመረ ሌላ ጥረት ስለነበረ ምስጋናው ለማን እንደሚሰጥ መለየት አስቸገረ። ይህ ሊታወቅ የቻለው የአገባቡ ቅደም ተከተልና የመለኪያው ትርጉም ቀድሞ በጽሑፍ ስለተወሰነ ነው።

ልኬት ሲወሰን ሦስት ዓይነት መኖሩ ተለምዷል። የውጤት ልኬት ታካሚው የሚያገኘውን ጥቅም ያያል፤ በካርድ ክፍሉ ምሳሌ የመጠበቂያው ጊዜ ነው። የሂደት ልኬት ለውጡ በእርግጥ እየተሠራበት መሆኑን ያያል፤ የቀጠሮ ካርዶች በዋዜማው ምን ያህሉ እንደወጡ እንደ መቁጠር። ሦስተኛው የማመዛዘኛ ልኬት ነው፤ አንዱ ሲሻሻል ሌላው እንዳይበላሽ ይጠብቃል። ካርድ በፍጥነት ሲወጣ የሰው ካርድ ለሰው የመስጠት ስሕተት ጨምሯል? ሠራተኞቹ ማታ ከሰዓታቸው በላይ እየቆዩ ነው? ይህን ሦስተኛ ልኬት የሚጽፉ ሰነዶች ጥቂት ናቸው። የለውጥ ሥራን ከሚጠሉ ሠራተኞች መካከል ብዙዎቹ የሚጠሉበት ምክንያት ግን ሸክሙ ወደ እነርሱ ሲዞር ማንም ስላልቆጠረው ነው።

ዓላማው፦ ስንት? እስከ መቼ?

ዓላማ ቁጥርና ቀን ከሌለው ምኞት ነው። ይህን ነገር ከማንም በላይ ጎልቶ እንዲታወቅ ያደረገው በዶናልድ በርዊክ ይመራ የነበረው የአሜሪካው የጤና አጠባበቅ ማሻሻያ ተቋም ነው። ታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. ባወጀው ዘመቻ፣ በሆስፒታሎች ውስጥ ሊቀሩ የሚችሉ 100,000 ሞቶችን እስከ ሰኔ 14 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ ለማስቀረት ግብ አስቀመጠ። ሰዓቱ ሳይቀር መጻፉ ትርኢት አልነበረም፤ ከ3,000 በላይ የሆኑ ሆስፒታሎች «በቅርቡ» ማለት የማይቻልበት ሁኔታ ውስጥ ገቡ። የሚሠሩት ስድስት ነገሮችም ቀድመው ተዘርዝረው ነበር።

የዘመቻው ዓላማ የጠራውን ያህል ልኬቱ አልጠራም። ቀኑ ሲደርስ ተቋሙ 122,300 ያህል ሞት እንደቀረ ገመተ። ግምቱ ግን በከፊል ባልተሟላ መረጃ ላይ የቆመ በመሆኑና በአገሪቱ የሆስፒታል ሞት አስቀድሞም እየቀነሰ ስለነበር የሙያው ሰዎች ጥያቄ አነሡበት። ስለዚህ ቁጥርና ቀን ማስቀመጥ ሰዎችን ያንቀሳቅሳል፤ ውጤቱ እንዲታመን ግን ቁጥሩ ከየትኛው መዝገብ፣ በማን፣ በምን ቀመር እንደሚወጣ በዚያው ገጽ ላይ መስፈር አለበት።

ግቡ ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለው ጥያቄ አከራካሪ ነው። በጣም ዝቅ ያለ ግብ ያንኑ አሠራር ትንሽ በማፋጠን ይደረስበታል፤ በጣም ከፍ ያለ ግብ ደግሞ፣ በተለይ የሠራተኛው ምዘና ከእርሱ ጋር ከተያያዘ፣ ሰው ሥራውን ትቶ ቁጥሩን እንዲያስተካክል ይገፋዋል። ሁለተኛው የበለጠ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ጊዜ ያባክናል፣ ሁለተኛው ግን መረጃውን ራሱን ያበላሻል። በዚህ ምክንያት የለውጥ ልኬት ከቅጣትና ከሽልማት ተለይቶ ለመማሪያ ብቻ እንደሚውል በሰነዱ ላይ መጻፉ ይመከራል።

ባለቤቱና የሚነካቸው ሰዎች

የሚሺጋኑ ሥራ በብዛት የሚነገርለት በቀላልነቱ ነው። ፒተር ፕሮኖቮስት የመሩት ቡድን አምስት ነገሮች እንዲደረጉ ጠየቀ፦ እጅ መታጠብ፣ ቱቦ ሲገባ ታካሚውን ሙሉ በሙሉ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ከተቻለ የብሽሽትን የደም ሥር አለመጠቀም፣ የማያስፈልግ ቱቦን ማውጣት። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ በወጣው ጥናት መሠረት መረጃ ከሰጡት 103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች መካከል መሃከለኛው የኢንፌክሽን መጠን በሦስት ወር ውስጥ በ1,000 የቱቦ ቀን ከ2.7 ወደ ዜሮ ወረደ። አማካዩ ደግሞ ከ7.7 ተነሥቶ ከ16 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ 1.4 ደረሰ።

አምስቱ ነገሮች ግን ከዚያ በፊትም በመመሪያዎች ውስጥ ነበሩ። አዲስ የነበረው አጀማመሩ ነው። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሐኪምና አንድ ነርስ መሪ አድርጎ እንዲሰይም ተጠየቀ። የሆስፒታሉ የበላይ ኃላፊዎች ክሎርሄክሲዲን በመጋዘን መኖሩን እንዲያረጋግጡ ተደረገ። ሐኪሙ አንዱን እርምጃ ሲዘልል ነርሷ ሥራውን ማስቆም እንደምትችል ቀድሞ ተነገረ። የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይከብዳል። በሆስፒታል ውስጥ ነርስ ሐኪምን ማስቆሟ የተለመደ አይደለም፤ ከበላይ የተሰጣት ሥልጣን ከሌለ አታደርገውም፤ ብታደርገውም ትጎዳለች። ጥሩ የመነሻ ሰነድ ይህን ዓይነቱን ሥልጣን በግልጽ ይሰጣል።

አንድ ዓይነት መሣሪያ በተለያየ አጀማመር ምን ያህል የተለያየ ውጤት እንደሚያመጣ የቀዶ ሕክምና የደኅንነት ቼክሊስት ታሪክ በደንብ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት 19 ነጥቦች ያሉትን ቼክሊስት እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በስምንት ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች ሞከረ፤ ከእነርሱ አንዷ የታንዛንያዋ ኢፋካራ ነበረች። ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ፣ ውስብስብ ችግሮች ከ11 ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ቆይቶ የካናዳዋ የኦንታሪዮ ግዛት ሆስፒታሎች ቼክሊስቱን መጠቀማቸውን በይፋ ሪፖርት እንዲያደርጉ አስገደደች። በ101 ሆስፒታሎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ሞት ከ0.71 ወደ 0.65 በመቶ ብቻ እንደወረደ፣ ይህም በስታቲስቲክስ ረገድ ትርጉም ያለው ልዩነት እንዳልሆነ አገኘ፤ ሆስፒታሎቹ ግን ቼክሊስቱን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ እንደሚጠቀሙ ሪፖርት ያደርጉ ነበር። የመነሻው ሞት መጠን መለያየቱም ለውጤቱ ልዩነት አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም። ቢሆንም ብዙ የዘርፉ ሰዎች የደረሱበት ድምዳሜ፣ ትእዛዙ በሳጥን ውስጥ ምልክት ማድረግን እንጂ በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ያለውን ንግግር አልለወጠም የሚል ነው።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው የጤና መረጃ ሥርዓት ብሔራዊ ፕሮግራም ይህንኑ በትልቅ መጠን ያሳያል። ወጪው ከ12 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ተገምቶ የነበረው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዲበተን ተወሰነ። ታላላቆቹ ውሎች በጥድፊያ ሲፈረሙ ሥርዓቱን በየቀኑ የሚጠቀሙት ሐኪሞችና ነርሶች ምን እንደሚፈልጉ በቂ ምክክር አልተደረገም ነበር። ሥራው እንደ ኮምፒውተር ግዥ ታይቶ እንደ አሠራር ለውጥ አልታየም።

ለውጡ የሚነካቸውን ሰዎች ስለ ማሳተፍ የኢትዮጵያ የለውጥ ታሪክም የራሱ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከተጀመረው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም በኋላ በመሥሪያ ቤቶች በስፋት የተሠራበት መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) የነባራዊ ሁኔታ ጥናትን ግዴታ አደረገ። አንድ ባለጉዳይ ፈቃድ ለማውጣት በስንት ጠረጴዛ እንደሚያልፍ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የቆጠሩት ያኔ ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ድክመቱ ጥናቱን የሚሠራው ቡድን ከሥራው ተለይቶ መቀመጡ ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ አዲሱን አሠራር የሚተገብረው ሠራተኛ ሰነዱን ያየው በሥልጠና አዳራሽ ውስጥ፣ ሁሉም ነገር ከጸደቀ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በጃፓን የትብብር ተቋም ድጋፍ በ30 ኩባንያዎች የተሞከረውና በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩትን ያስገኘው ካይዘን የተባለው የተከታታይ ማሻሻያ ዘዴ በአንጻሩ ከማሽኑ አጠገብ ያለውን ቡድን መነሻ ያደርጋል። የካይዘን ቡድን የሚጽፈው መነሻ ጠባብ ነው፤ ግን የጻፈውና የሚሠራው አንድ ስለሆነ ለመረዳት ሥልጠና አያስፈልገውም።

ወሰን፣ ታሳቢና ሥጋት

ለውጥ ሲጀመር ሁሉም የየራሱን ችግር ይዞ ይመጣል፤ ካርድ ክፍሉን ለማሻሻል የተነሣው ቡድን በሁለተኛው ስብሰባ ስለ መድኃኒት ቤት፣ በሦስተኛው ስለ ደመወዝ ሲወያይ ይገኛል። ስለዚህ ሰነዱ የማይነካውን በግልጽ ይዘረዝራል። ጥሩ ምሳሌ የኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴት ሠራተኞች፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና፣ 16 የጤና ፓኬጆች፣ ለ5,000 ሰው አንድ ጤና ኬላ የሚል ልኩ የታወቀ አሠራር ነበረው። ትኩረቱ መከላከል ሆኖ ሕክምናው ውስን ነበር፤ የሕፃናትን የሳንባ ምች በአንቲባዮቲክ ማከም በመጀመሪያው ወሰን ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ጀምሮ ግን ፖሊሲው ተለውጦ ይህም ተጨመረ። ወሰኑ በመጀመሪያ ስለተጻፈ ሲሰፋ ምን እንደተጨመረና ምን ሥልጠናና መድኃኒት እንደሚጠይቅ በግልጽ መወሰን ተቻለ።

ሥጋትን በተመለከተ ጋሪ ክላይን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2007 በስፋት ያስተዋወቁት ዘዴ ጠቃሚ ነው። ቡድኑ ከመጀመሩ በፊት «ዓመት አልፎታል፤ ፕሮጀክቱም ፈጽሞ ከሽፏል» ብሎ ያስባል፤ እያንዳንዱ አባል የከሸፈበትን ምክንያት ለብቻው ጽፎ ያነባል። በስብሰባ ላይ የአለቃን ሐሳብ መቃወም ነውር በሚመስልበት ቦታ ይህ ዘዴ ልዩ ጥቅም አለው፤ ጥርጣሬን የተጠየቀ ሥራ ያደርገዋል። ከሚወጡት ምክንያቶች ዋና ዋናዎቹ በታሳቢዎች ዐምድ ይገባሉ፤ ከእያንዳንዳቸው ጎን ማን እንደሚከታተላቸው ይጻፋል።

ከተፈረመ በኋላ

ሰነዱ ከጸደቀ በኋላ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይታያሉ። አንደኛው መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ነው፤ ሁለተኛው እንደ ሕግ ቆጥሮ አንድ ቃል እንዳይነካ ማድረግ ነው። የላንግሌይና የባልደረቦቻቸው አካሄድ ከሦስቱ ጥያቄዎች ቀጥሎ ማቀድ፣ መሥራት፣ ማጥናት፣ ማስተካከል የሚል ዑደት ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ለውጡ በመጀመሪያ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሳምንት፣ ከጥቂት ታካሚዎች ጋር ይሞከራል፤ የተገኘው ትምህርት ተጽፎ ሦስተኛው ጥያቄ ይታረማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ማለትም ዓላማውና ልኬቱ፣ ሲቀየሩ ግን ምክንያቱና ቀኑ ተመዝግቦ የፈረሙት ሰዎች በድጋሚ መስማማት አለባቸው። አለበለዚያ ግቡ ወደ ተደረሰበት ቦታ እየተሳበ ሁልጊዜ «ተሳክቷል» ይባላል።

የክትትሉ ጊዜ በሰነዱ ውስጥ በቀን መቀመጥ አለበት፤ ከአራት እስከ ስድስት ወር ለሚወስድ ሥራ በየሁለት ሳምንቱ መገናኘት ይበቃል። በእያንዳንዱ ግንኙነት የልኬቱ መስመር በአንድ ግራፍ ላይ ታይቶ የሚቀጥለው ሙከራ ይወሰናል። ሥራው የሚቆምበት ሁኔታም አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ ለምሳሌ በሦስት ወር ውስጥ የሂደት ልኬቱ ካልተንቀሳቀሰ ወይም የማመዛዘኛው ልኬት ከተወሰነ መጠን በላይ ከከፋ ቡድኑ ሥራውን አቁሞ ለደጋፊው ኃላፊ ያቀርባል። ቀድሞ ያልተጻፈ ማቆሚያ በኋላ እንደ ሽንፈት ስለሚታይ ማንም አይደፍረውም።

የሰነዱ የመጨረሻ ክፍል ርክክቡ ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አዲሱን አሠራር የሚረከበው የሥራ ክፍል፣ ልኬቱን በየወሩ የሚያየው ሰው፣ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የሚያሠለጥነው፣ ለፍጆታ ዕቃውም በመደበኛ በጀት ገንዘብ የሚመድበው ማን እንደሆነ በስም ሳይሆን በሥራ መደብ ይጻፋል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሠራተኛ ዝውውር ብዙ ስለሆነ በአንድ ትጉህ ሰው ስም የተያዘ ኃላፊነት ሰውየው ሲዛወር አብሮ ይሄዳል፤ በመደቡ ላይ የተጻፈው ግን ለተተኪው ይተላለፋል።